የአባቴ ላንድሮቨር ብሎኖች አልገጥም አሉኝ፤ ትክክለኛውን ከየት ላግኝ?

ጥያቄ፦ የመሐል ሜዳው

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከመሐል ሜዳ ነው። አባቴ የተዉልኝን ላንድሮቨር ሲሪስ ሁለት ኤ እያደስኩ ነው። ቤንዚን ነው፣ ሞተሩ 2.25 ሊትር። አባቴ በመንዝ ብርድ ማታ ማታ ኮፋኖውን በባና ሸፍነው ነበር የሚያሳድሩት። እኔም እንደ ነገሩ ጠጋግኜ ልነዳው አልፈልግም።

ችግሬ ብሎን ነው። ፓራፋንጎውን ሳወርድ ግማሾቹ ተቆረጡ። አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ልጁ ኤም 8 ብሎን አምጥቶ አስገባ። ሁለት ዙር በእጅ ገባ፣ ከዚያ ጠነከረ። «ዝገት ነው» አለና በረጅም ቁልፍ አስገደደው። በኋላ ሳወጣው ብሎኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የብረት ክር ተጠምጥሞ መጣ። ለካ የዳዶው ጥርስ ነው። ያ ቀዳዳ አሁን ምንም አይዝም።

ሌላም ግራ የገባኝ ነገር አለ። አንዳንዱን ብሎን 13 ቁልፍ ይይዘዋል። ውፍረቱ ያው የሚመስለው ሌላው ግን 13 አይገባውም፣ 14 ደግሞ ይሾልካል። አንድ ወዳጄ «ሁሉንም በማይዝግ ብረት ቀይርና ተገላገል» ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ የደብረ ብርሃን መካኒክ

ልጄ፣ መኪናህ ዝገት ብቻ አይደለም ያለበት። ጥርሱ በኢንች ነው፣ የገባበት ብሎን ደግሞ በሚሊ። ኤም 8 ውፍረቱ 8 ሚሊ ነው። 5/16 ኢንች ደግሞ 7.94 ሚሊ። በዓይን አትለያቸውም። የሚለዩት በጥርስ አረማመዳቸው ነው። ሁለት ዙር ገብቶ የጠነከረው ለዚህ ነው። በእጅ ገብቶ ድንገት የጠነከረ ብሎን ሲያጋጥምህ ቁልፍህን አስቀምጥ። አስወጣውና እየው።

እንዲህ ለካው። ያልተበላ አሮጌ ብሎን በሽቦ ብሩሽ አጽዳ። ማስመሪያ አስጠጋና በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ25.4 ሚሊ ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለ ቁጠር። ብሎኑ አጭር ከሆነ በግማሽ ኢንች ቆጥረህ በሁለት አባዛ። ለ5/16፦ 24 ከሆነ ዩኤንኤፍ ነው፣ ደቃቁ የኢንች ጥርስ። 22 ከሆነ ቢኤስኤፍ፣ የድሮው የእንግሊዝ ጥርስ። 18 ከሆነ ዩኤንሲ፣ ሻካራው የኢንች ጥርስ። ወደ 20 ከመጣ ኤም 8 ነው፤ ያ ማለት ከአንተ በፊት ሌላ ሰው ገብቶበታል።

በቁጥሩ ካልተማመንክ ደግሞ የምታውቀውን ብሎን ከማታውቀው ጋር ጥርስ ለጥርስ አግጥመህ ወደ ብርሃን ያዝ። አንድ ዓይነት ከሆኑ ይተኛኛሉ፣ ብርሃን አያልፍም። ካልሆኑ ጫፍና ጫፉ ላይ ሲከፋፈቱ ታያለህ። እኔ እስካሁን ከማስመሪያ ይልቅ ይህንን አምናለሁ።

የቁልፉ ነገርም ከዚሁ ይመጣል። የ5/16 ዩኤንኤፍ ራስ ግማሽ ኢንች ነው፣ 12.7 ሚሊ። ስለዚህ 13 ቁልፍ ይይዘዋል፣ ግን ትንሽ ስለሚላላ ጠርዙን ይበላዋል። የ5/16 ቢኤስኤፍ ራስ ደግሞ 13.3 ሚሊ አካባቢ ነው። 13 አልገባ ያለህ፣ 14 የሾለከብህ እሱ ነው። ለእያንዳንዱ የራሱ ቁልፍ አለው። ቢያንስ ግማሽ ኢንችና 7/16 ቁልፍ ግዛ።

መልስ፦ ብሎን ሻጯ፣ መርካቶ

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። እኔ ልጨምር የምፈልገው ስለ አገዛዙ ነው። ሱቅ ሄደህ «የላንድሮቨር ብሎን» ብትል የሚሰጥህ ኤም 8 ነው። አሮጌውን ይዘህ ና። አንድ ዳዶም በኪስህ ያዝ፤ የምትገዛው ብሎን በጣት እስከ መጨረሻው ካልገባበት አትክፈል።

ዩኤንኤፍ እና ዩኤንሲ ለማግኘት የማሴ ፈርጉሰን ትራክተር መለዋወጫ የሚሸጡትን ጠይቅ። የድሮዎቹ ትራክተሮች ጥርሳቸው በኢንች ነው፣ ብዙው ለአንተም ይሆናል። አሮጌ ግን ደህና ብሎን ሶማሌ ተራ ፈልግ። ቢኤስኤፍ ይከብዳል። ውጭ ዘመድ ካለህ ልኬቱን ጽፈህ ላክለት።

ራሱ ላይ ያለውንም አንብብ። የጥንካሬው ደረጃ ነው። በኢንች ብሎን ሦስት ጭረት ካለው ግሬድ 5 ነው፣ ስድስት ካለው ከዚያ የሚጠነክረው ግሬድ 8። 8.8 የሚል የጥንካሬ ቁጥር ከተጻፈበት የሚሊ ነው፤ ለአንተ አይሆንም። ምንም ያልተጻፈበትን ለመከላከያ ላሜራ እንጂ ለሌላ አልሸጥልህም።

መልስ፦ ከሸዋ ሮቢት

ስለማይዝገው ብረት እኔ ልመልስ፣ ስለተቃጠልኩበት። የዚህ መኪና ቦዲ አሉሚኒየም ነው፣ ሻንሲውና የፊት ግድግዳው ብረት። ሁለቱ ተነካክተው እርጥበት ሲገባባቸው የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። የማይዝግ ብሎንም እንደዚያው ያደርጋል፤ ብሎኑ እያበራ ዙሪያው ነጭ ዱቄት ይሆናል። እኔ ቆላ ስለሆንኩ ቀስ ብሎ ነው የመጣብኝ። የመንዝ ጉምና ክረምት አይታገስህም።

ዚንክ የተቀባ ብሎን ተጠቀም። ከስሩ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ሮንዴላ አድርግ፣ ግሪስ ቀባው፣ ቀዳዳውን ዳር ዳሩን ቀለም ንካው። ባሌስትራ፣ መሪና ፍሬን ላይ ደግሞ የማይዝግ ብሎን በፍጹም አታስገባ። ተራው ዓይነት ጥንካሬው ከ8.8 ያንሳል።

የመሐል ሜዳው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የተበላሸውን ዳዶስ ምን ላድርገው? ቶርኖ ቤት ብሎኖቹን ቢሠሩልኝስ?

የደብረ ብርሃን መካኒክ፦

ዳዶው ላሜራው ላይ የተበየደ ከሆነ ቁረጠውና ትክክለኛ የ5/16 ዩኤንኤፍ ዳዶ በቦታው አስበይድ። ስትበይድ ብሎኑን አስገብተህ ይሁን፣ እንዳይጣመም። ግን ቤንዚን ታንኩ ከወንበሩ ስር ነው። መጀመሪያ አውርደው፣ ከዚያ ከግቢው አርቀው። በዚህ ላይ ቸልታ አልወድም።

ቶርኖ ጥርሱን አሳምሮ ያወጣልሃል፤ ብረቱ ምን እንደሆነ ግን ማን ያውቃል? ለፓራፋንጎ ይሁን። ለመሪ፣ ለፍሬን፣ ለባሌስትራ ዩ ብሎን አይሆንም።

የጎማውንም እይ። የአንተ ሞዴል የጎማ ብሎን 9/16 ቢኤስኤፍ ነው፣ 14.3 ሚሊ ማለት ነው። የ14 ሚሊ ዳዶ አስገድደው እንዳያስገቡብህ። የኋለኞቹ ሲሪስ ሦስት ደግሞ 16 ሚሊ ናቸው፣ ከእነሱም አትበደር። ጣርማ በርን ስትወርድ ጎማህ የተንጠለጠለው በእነዚህ ላይ ነው።

የመሐል ሜዳው፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ፦

ቆጠርኩ። ፓራፋንጎው ሁሉም 24 ሆነ። ካምቢዮው ላይ ግን 22 አገኘሁ፣ እነዚያን አጥቤ መልሼ አሰርኳቸው። ከጎማው ዳዶዎች ሁለቱ 14 ሚሊ ነበሩ፤ አውጥቼ ሶማሌ ተራ ባገኘሁት ተካሁ። የብሎን ሻጯ እህቴ ምክር ትክክል ነበር፣ የትራክተር ሱቅ ውስጥ አሥራ ስድስት ብሎን አገኘሁ። አዲሱ ዳዶ ተበይዷል። ትናንት ማታ የመጀመሪያውን በጣቴ ብቻ ያለ ቁልፍ እስከ ጫፉ አስገባሁት።