የዲኤንኤ ምርመራው «ኖድ 2 ላይ ለውጥ የለም» አለ፤ ታዲያ ሕመሙ ክሮንስ አይደለም ማለት ነው?

ጠያቂ፦ እህቱ ነኝ (ፍራንክፈርት)

ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ የምታውቁ መልሱልኝ። ታናሽ ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው። ለወራት ሆዱን ሲቆርጠው፣ ሲያስቀምጠው፣ ሲከሳ ቆየ። እዚህ ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ የሚያይ ምርመራ) ሠሩለት። ከትንሹ አንጀት መጨረሻ ናሙና ወስደው ክሮንስ የሚባል አንጀት እየተቆጣ የሚቆስልበት የቆየ ሕመም ነው አሉ። ከአምስት ሳምንት በፊት ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን ጀመረ። ቀጥሎ ኢንፍሊክሲማብ የሚባል መርፌ ታስቦለታል።

የአጎታችን ልጅ ደግሞ በምራቅ የሚሠራ የዲኤንኤ ምርመራ በኢንተርኔት አዘዘለት። ውጤቱ «ኖድ 2 በሚባለው ጂን ላይ ከክሮንስ ጋር የሚያያዙት ሦስቱ ለውጦች አልተገኙም» ይላል። አሁን ወንድሜ «ሐኪሞቹ ተሳስተዋል፣ ክኒኑን ከነገ ጀምሮ እተወዋለሁ» ብሎኛል። ምን ልበለው? የእኔ ልጆችስ መመርመር አለባቸው?

የውስጥ ደዌ ሐኪም (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ክኒኑን በድንገት እንዳያቆም። ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታት ሲወሰድ ሰውነት ኮርቲሶል የሚባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ይቀንሳል። ባንዴ ከተቋረጠ የደም ግፊት ሊወርድ፣ ራሱን ሊስት ይችላል። ለሕይወትም ያሰጋል። የሚቆመው በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው።

ወደ ምርመራው ልምጣ። ኖድ 2 ከክሮንስ ጋር መያያዙ የታወቀው በ2001 ነው። ሦስቱ ለውጦች የተገኙት የዘር ሐረጋቸው ከአውሮፓ በሆነ ታማሚዎች ላይ ነበር። በእነዚያ ሰዎች ዘንድ እንኳ ቢያንስ አንዱ ለውጥ ያለበት ከሦስት ታማሚዎች በአንዱ ገደማ ነው። የቀሩት ምንም የለባቸውም፣ ግን ታመዋል። አፍሪካውያን ላይ ደግሞ ሦስቱም እምብዛም አይታዩም። ስለዚህ ለወንድምሽ «የለም» የሚል መልስ መምጣቱ የሚጠበቅ ነበር። ክሮንስ የሚለየው በኮሎኖስኮፒ፣ በናሙናና በምስል ነው፣ በምራቅ አይደለም።

ልጆችሽን አትመርምሪ። ለውጡ ያለበት ሰው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ ክሮንስ አይነካውም። ሆዳቸውን ደጋግሞ ካመማቸው፣ ሰገራቸው ላይ ደም ካየሽ ወይም ዕድገታቸው ከዘገየ ያኔ ሐኪም ጋ ውሰጃቸው።

የላብራቶሪ ሰው

ዶክተሩ ዋናውን ብለዋል። እኔ ኖድ 2 ምን እንደሚሠራ ልጨምር፤ ወንድምሽ ይህን ሲረዳ ውጤቱን በሌላ ዓይን ያየዋል ብዬ አምናለሁ።

ኖድ 2 ሴል ውስጥ የሚቀመጥ ዘበኛ ነው። የሚጠብቀው ሙራሚል ዳይፔፕታይድ የምትባል ቁራጭ ነገር ነው፤ ከባክቴሪያ ግድግዳ የምትሰበር ፍርፋሪ። ፍርፋሪዋን ካገኘ ባክቴሪያ ገብቷል ብሎ ያስጠነቅቃል፣ መከላከያው ይነሳል። ይህን ለማድረግ ቀድሞ መታመም ወይም መከተብ አያስፈልገውም፣ ስንወለድ ይዘነው የምንመጣው ነው።

የሚገርመው፣ ክሮንስ ላይ የሚታዩት ለውጦች ዘበኛውን የሚያደክሙ ናቸው። ዘበኛው ከደከመ አንጀት ለምን ይቆጣል? አንዱ ማብራሪያ እንዲህ ነው፦ ባክቴሪያው በጊዜ ሳይያዝ ወደ አንጀት ግድግዳ ይጠልቃል፣ ከዚያ ሌሎቹ የመከላከያ ሴሎች ዘግይተው በጅምላ ይነሳሉ። ጉዳቱን የሚያደርሰው ያ ዘግይቶ የመጣ ቁጣ ነው። የተገላቢጦሹም አለ። ብላው ሲንድረም በሚባለው ብርቅ ሕመም ኖድ 2 ባክቴሪያ ሳይኖርም ያስጠነቅቃል። የልጆችን ቆዳ፣ መገጣጠሚያና ዓይን ያስቆጣል።

በ2009 ደግሞ ቻይና ውስጥ በተሠራ ትልቅ የጂን ጥናት ይኸው ኖድ 2 ከሥጋ ደዌ ተጋላጭነት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ክንዳችን ላይ ጠባሳ የተወልን የቢሲጂ (የቲቢ) ክትባትም የመከላከያ ሴሎችን «የሚያሠለጥነው» በከፊል በኖድ 2 በኩል ነው። ይህን ሁሉ ያነሳሁት አንድ ጂን ብቻውን «ታመሃል» ወይም «ጤነኛ ነህ» እንደማይል እንድታዩት ነው።

ዘጠኝ ዓመት ከክሮንስ ጋር (ሜሪላንድ)

እህታለም፣ ወንድምሽ የሚሰማውን አውቀዋለሁ። እኔም አንዴ ተሻለኝ ብዬ መድኃኒቴን በራሴ ተውኩ። ከወራት በኋላ አንጀቴ ጠቦ ቀዶ ሕክምና ገባሁ። በቁጣ ሳይሆን ቁጭ ብለሽ አናግሪው። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ እንዲያቆም ለምኚው፣ ክሮንስን በጣም ያባብሳል። አንጀቴ ከጠበበ ወዲህ ሐኪሜ ቆሎ ከልክሎኛል። እሱ ግን የራሱን ሐኪም ይጠይቅ፣ ሁላችንም አንድ አይደለንም።

እህቱ ነኝ (ፍራንክፈርት)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ረሳሁ። ከመርፌው በፊት የቲቢ ምርመራ ያስፈልጋል ብለውታል። «ሀበሻ ስለሆንኩ ነው» ብሎ ተከፍቷል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም (አዲስ አበባ)

አይከፋ። ምርመራው ማንም ሰው ኢንፍሊክሲማብ ከመጀመሩ በፊት ይደረጋል። መድኃኒቱ ቲኤንኤፍ የሚባለውን ንጥረ ነገር ያግዳል፤ ተኝቶ ያለ ቲቢን ታፍኖ እንዲቆይ የሚያደርገው ደግሞ እሱ ነው። ያልነቃ ቲቢ ከተገኘበት የመከላከያ መድኃኒት ቀድሞ ይጀምራል። ቢሲጂ መከተቡን ይንገራቸው። የቆዳው ምርመራ በክትባቱ ምክንያት ሊሳሳት ይችላል፣ ኢግራ የሚባለው የደም ምርመራ ግን ቢሲጂ አያሳስተውም።

አንድ ነገር ደግሞ ራሱ ይጠይቅ። የአንጀት ቲቢም የሚወደው ያንኑ የትንሹን አንጀት መጨረሻ ነው፣ ናሙናው ላይም ሁለቱ ይመሳሰላሉ። «ናሙናው ለቲቢ ታይቷል ወይ?» ይበል። ሐኪሞቹን መጠራጠር ካስፈለገው ይህ ጥያቄ ከምራቁ ውጤት ይሻለዋል።

እህቱ ነኝ (ፍራንክፈርት)

አሁን ሁሉንም አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝ። የዛሬውን ክኒን ዋጠ። የናሙናውን ጥያቄ በጀርመንኛ ጽፈንለታል፣ ሐሙስ ቀጠሮው ላይ አብሬው እገባለሁ።