እጣቢው የት ይደፋል? የላቫጆና የምንጣፍ አጣቢ ጥቆማ ከባሕር ዳር

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ደወለ። «ለባጃጄ ላቫጆ፣ ለፔንሲዮኔ ደግሞ ምንጣፍ አጣቢ ጠቁመኝ» አለኝ። ዋጋ ልነግረው ስል ቆም አልኩ። ስንት ያስከፍላሉ ብዬ ስንቴ ጠይቄያለሁ፤ እጣቢውን የት ትደፋላችሁ ብዬ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ስለዚህ ሁለት ቀን ዞርኩ። የቤት ስም አልጠራም። ዓይነታቸውን ልንገራችሁና ሄዳችሁ ለዩ።

ርካሹ በባልዲ ወንዝ ዳር የሚያጥቡት ልጆች ናቸው። እጃቸው ፈጣን ነው፣ አልከራከርም። እኔም በፊት ደንበኛቸው ነበርኩ። አንድ ቀን የባጃጄን ሞተር በናፍጣ አጠቡልኝና ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር ተንሳፈፈ። ሳየው ደነገጥኩ፤ ያ ውሃ ከታች ከብት ይጠጣዋል። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። ልጆቹን አትውቀሱ፣ ሌላ ቦታ ማን ሰጣቸው?

ሁለተኛው ሲሚንቶ ወለልና የግፊት ማሽን ያለው ላቫጆ ነው። ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል። ቦዩን ተከትላችሁ ሂዱ። ብዙ ጊዜ የምታገኙት መንገድ ዳር ካለው የጎርፍ መውረጃ ጋር ሲገናኝ ነው። የጎርፍ መውረጃ የተሠራው ለዝናብ ነው። እጣቢው ማንም ሳያጣራው ወደ ጣና ሐይቅ ወይ ወደ ዓባይ ይገባል። ያው ወንዝ ዳር ማጠብ ነው፣ ትንሽ ዞሮ።

እኔ የምጠቁማችሁ ሦስተኛውን ነው፦ ባለ ሦስት ክፍል ጉድጓዱን። አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያው ክፍል ላይ አሸዋና ጭቃ ይዘቅጣል። ሁለተኛው ላይ ዘይቱ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ግን አፉ ወደ ታች በታጠፈ ቱቦ ከሥር ይወጣል። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ በጣም ተሻሽሏል። «ክዳኑን ክፈቱልኝ» በሏቸው። ሳያቅማማ የከፈተልኝ አንድ ብቻ ነው። ጭቃው እስከ አፉ ከሞላ ጉድጓዱ ለስም ነው ያለው። መቼ እንደተጠረገና ዘይቱን ማን እንደሚወስደው ጠይቁ። ደግሞ ሳሙና ሲበዛ ዘይቱን ይበታትነዋል። የተበታተነ ዘይት አይንሳፈፍም፣ ከውሃው ጋር ሾልኮ ያልፋል። ስለዚህ አረፋ በአረፋ የሚያደርጓችሁ ጎበዝ ስለሆኑ አይምሰላችሁ። መጀመሪያ ጭቃውን በደረቁ የሚያራግፍ፣ የፈሰሰ ዘይት ላይ ሰጋቱራ በትኖ የሚጠርግ ካገኛችሁ እሱን ያዙት። ዋጋው ወደድ ይላል፣ ይገባዋል።

ምንጣፍ ላይ ደግሞ ግቢው ውስጥ ዘርግቶ በጎማ ውሃ ከሚያለቀልቀው ይልቅ መምጠጫ ማሽን ይዞ የሚመጣውን እመርጣለሁ። ውሃው ያንሳል፣ እጣቢውም ታንኩ ውስጥ ይቀራል። ግን ታንኩን የት እንደሚገለብጠው ዓይናችሁን አትንቀሉ። አንዱ ምንጣፌን አሳምሮ ካጠበ በኋላ ታንኩን ደጄ ላይ ካለው ቦይ ውስጥ ዘረገፈው። ሽንት ቤት ውስጥ፣ ሴፕቲክ ታንክ (ፍሳሹ ተጠራቅሞ የሚብላላበት ጉድጓድ) ካለ፣ ይድፋ። ምንጣፉንም ከመታጠቡ በፊት አውጡና ምቱት። በደረቁ የወጣ አቧራ ውሃ ውስጥ አይገባም።

ሳሙናውስ? ገበያ ላይ በጄሪካን የሚሸጠው ምን እንዳለበት አይጻፍበትም፣ አጣቢውም በግምት ነው የሚያፈሰው። መለያ ያለውን ግዙ፣ ከተገኘ «ፎስፌት የለውም» የሚለውን። ፎስፌት ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ለእምቦጭ፣ ለዚያ ጣናን ለወረረው አረም፣ ቀለቡ ነው። እምቦጭን ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ እናውቀዋለን። እውነቱን ለመናገር ከእርሻ በጎርፍ የሚመጣው አፈርና ማዳበሪያ የላቫጆን ሳሙና ሳይበልጠው አይቀርም። ቢሆንም ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም። አማካይ ጥልቀቱ 10 ሜትር አይሞላም፤ ስለዚህ ትንሹም ሳሙና ቀላል አይደለም።

በረኪና ለሽንት ቤት ብቻ፣ ያውም በልክ። ሲበዛ ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ከአሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉት፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ይህን ስጽፍ አጠገቤ የነበረች እህቴ «ለምን እንዶድ አትላቸውም፣ የአያቶቻችን ሳሙና!» አለችኝ። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ግን ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1957 ዓ.ም. አካባቢ አድዋ ላይ ያስተዋሉት ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣ ሞቶ መገኘቱን ነው። ቀንድ አውጣ ለሚያዛምተው ለቢልሃርዝያ በሽታ መከላከያነት የታሰበውም በዚያ ምክንያት ነው። ዓሣንም አይምርም። እንደ ብርብራ ቁጠሩት፤ ብርብራ ዓሣ እንደሚያደነዝዝ የጣና አሥጋሪ ያውቃል። በእንዶድ ካጠባችሁ እጣቢውን ከውሃ ርቃችሁ አፈር ላይ ድፉት።

አንድ ነገር ልጨምር። «ሕግ የለም» የሚሏችሁን አትስሟቸው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ።

ጓደኛዬ ባጃጁን ባለ ሦስት ጉድጓዱ ጋ ወስዶታል። ዋጋው አስለቅሶት ነው የተመለሰው። ምንጣፉን ግን ገና አላሳጠበም፤ ፔንሲዮኑ ዳንግላ ነው። እዚያ ወይ ፍኖተ ሰላም አካባቢ ማሽን ይዞ የሚመጣ፣ ታንኩንም ቦይ ውስጥ የማይገለብጥ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።