ላይቭ ክላስ የግድ ነው ወይስ ሪከርድ ቪዲዮ ይበቃል? (አማርኛ ለውጭ ልጆች)

ሀሁ_በቅዳሜ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ውጭ ለተወለዱ የሀበሻ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ፣ አሜሪካ ያሉት ይበዛሉ፣ ጀርመንም አሉ፣ እድሜያቸው ከ6 እስከ 11። እስካሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በዙም ላይቭ ነበር ማስተምራቸው። አሁን ግን ሙሉውን ፊደል በቪዲዮ ቀርጬ ጨርሻለሁ፣ 33ቱም ከነ ሰባት ሰባት ቤታቸው፣ ስዕል አለው ድምፅ አለው ቆንጆ ሆኖ ነው የወጣው፣ እና ቴሌግራም ቻናል ላይ ልልቀቀውና ላይቩን ልተወው ወይ እያልኩ ነው። ላይቩ በጣም አድካሚ ነው። እዚ መብራት ይሄዳል፣ እዛ ልጁ ልደት ተጠርቶ ይቀራል፣ ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ሲሞላ ሁላችንንም ያስወጣናል፣ ከዛችው 40 ደቂቃ ላይ ደግሞ ስንቱ "ይሰማል? አይሰማም፣ ሚዩት ነህ" ስንባባል ያልቃል። አንዳንድ ወላጆች ግን ላይቭ ከቀረ ልጄን አስወጣለሁ አሉኝ። እውነት ላይቩ ይሄን ያህል ጥቅም አለው ወይስ ለአንድ ሰዓት ልጅ የሚይዝላቸው ሰው ፈልገው ነው? (ሞግዚትነቱንም አልጠላሁም ግን የሱ ሂሳብ ሌላ ነው ሀሀሀ)

የሁለት_ልጆች_እናት_ቨርጂኒያ

ኧረ ልጅ ለማስያዝማ አይፓዱ ይበቃኝ ነበር እህቴ 😂 ልጅ ለማስያዝ ብዬ ቅዳሜ ጠዋት ፀጉር አበጥሬ ካሜራ ፊት አላስቀምጥም። ቪዲዮ እኮ ሞልቷል፣ ዩቲዩብ ላይ ሀሁ በዘፈን፣ ሀሁ በካርቱን፣ ምን የሌለ አለ። ትልቁ ልጄ ሁሉንም አይቷል፣ ዜማውን ሳይቀር ያውቀዋል፣ አፉ ግን አይከፈትም። እኔና አባቱ ባማርኛ እናወራዋለን እሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፣ እኛም ገብቶናልና ዝም፣ እንደዛ እያልን እድሜው 9 ደረሰ። ከአስተማሪዋ ጋር ግን አልሰራለትም ምክንያቱም አዲስ አበባ ስላለች እንግሊዝኛ አትችልም ብሎ ደምድሟል (አስተማሪዋ ይሄን ታውቃለች፣ እኛም ምስጢሯን ጠብቀናል)። ስለዚ ውሃ ልጠጣ ለማለት እንኳ ባማርኛ መፈለግ አለበት። ባለፈው ከጀርባዋ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ሰምቶ "ቲቸር ያ ምን ነው ድምፅ" አላት፣ ሰዋስው የለውም ግን ጠየቀ! እኔ ያንን በቪዲዮ ከየት አመጣዋለሁ።

ሌላው ደግሞ ሙኒክ ያለች አንድ ልጅ አለች፣ ከሱ ታንሳለች፣ እሷ ስትናገር ሲሰማ እልህ ያዘው። አማርኛ የእማማና የአባባ ቋንቋ ብቻ ይመስለው ነበር።

መምህሩ_ከባህርዳር

እኔ ልጆች ሳይሆን ዩኒቨርሲቲ ነው ማስተምረው፣ ግን ነገሩ ይመሳሰላል። 2012 መጋቢት ላይ በኮቪድ ሁሉም ሲዘጋ ገሚሶቻችን ፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ ወርውረን አስተማርን አልን፣ ገሚሶቻችን ደግሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ላይቭ ስላይድ አነበብን። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሻላል ብዬ አላምንም፣ ካሜራውን ዘግቶ የተኛ ተማሪ ያው የተኛ ነው። ስለዚ ላይቭ ወይስ ሪከርድ ከማለትሽ በፊት ላይቩ ላይ ምን ትሰሪያለሽ ሚለው ይቅደም። አንቺ ሀ ሁ ሂ እያልሽ እነሱ ሚሰሙ ከሆነ ቪዲዮሽ ይበልጣል፣ ቢያንስ ደግመው ያዩታል።

በ2019 ሃርቫርድ ላይ በፊዚክስ ክላስ የተሰራ ጥናት ወጥቶ ነበር፣ ጥሩ ሌክቸር የሰሙት ተማሪዎች ብዙ የተማሩ መስሏቸው ነበር፣ ሲፈተኑ ግን ራሳቸው ጥያቄ ሲሰሩ የዋሉት በለጧቸው፣ እነሱ ደግሞ ብዙም ያልተማሩ መስሏቸው ነበር። ስለዚ ልጁ ወይም እናቱ "ዛሬ ደስ ሚል ክላስ ነበር" ስላሉ አትታለዪ።

የኛ ንባብ ቤትስ እንዴት ነው? ልጁ ዳዊቱን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀመጣል፣ ሚያነበው እሱ ነው፣ መምህሩ ሚሰማው ስህተቱን ለማረም ነው፣ ቀድሞ የገፋው ልጅ ደግሞ ከኋላ ያለውን ያስጠናል። ሌክቸር ሚባል ነገር የለም። አንቺም የቀረጽሽውን ቪዲዮ ቀድመው ቤት ይዩት፣ ላይቩ ለማንበብና ለመታረም ብቻ ይሁን። በተለይ ለአማርኛ! ፊደሉ ማጥበቅና ማላላት አያሳይም፣ "ገና ገና ነው" ብለሽ ጻፊለትና አንብብ በይው፣ ሁለቱንም እኩል ካነበባቸው ስለ በዓሉ እንደሆነ አልገባውም ማለት ነው። ቪዲዮው ይሄን ሊሰማው አይችልም።

ከዱባይ_ነኝ

ይቅርታ መምህር፣ ሁሉም ሰው ቅዳሜ እረፍት ያለው አታስመስሉት። እኔ ሰው ቤት ነው ምሰራው፣ በትርፍ ሰዓቴ እንግሊዝኛና ኮምፒውተር እማራለሁ። ላይቭ ክላስ ገብቼ ከፍዬ ነበር፣ ሰዓቱ ሲደርስ ማዳም እንግዳ አለ ትላለች፣ አለዚያም ልጆቹ አይተኙም፣ ብገባም ድምፄን አላወጣም ምክንያቱም ሌሊት ነው ቤቱ ፀጥ ብሏል። ደግሞ እዚ በዋትሳፕም በቴሌግራምም መደወል አይቻልም፣ ዙም ይሰራል ግን ዳታ ይበላል። ከዛ አንድ ሌላ አስተማሪ አገኘሁ፣ ትምህርቱን ሪከርድ አርጎ ይልካል፣ እኔ ሽንት ቤት ገብቼም ቢሆን አንብቤ ቮይስ እልካለሁ፣ እሱ ሲመቸው ሰምቶ "ሁለተኛው ላይ እንዲህ በዪ" ብሎ በቮይስ ይመልስልኛል። ላይቭ አይደለም ግን ያርመኛል። ላይቩ ላይ ግን ክላሱ ብዙ ሰው ስለነበር አንድ ቀን እንኳ ስሜ አልተጠራም። ስለዚ ዋናው ሚሰማሽ ሰው መኖሩ ነው፣ ዛሬ ሰማ ነገ ሰማ ለኔ ለውጥ የለውም።

መምህሩ_ከባህርዳር

እህቴ ልክ ነሽ፣ ላንቺ አይነቱ ቮይሱ ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ አንቺ አዋቂ ነሽ፣ ለምን እንደምትማሪ ታውቂያለሽ፣ ማንም ሳይጠብቅሽ ትልኪያለሽ። የ7 አመት ልጅ ግን ቮይስ ላክ ቢሉት እናቱ ናት ምትልከው፣ ሁለት ሳምንት ትልክና ትሰለቻለች። ላይቩ ለልጅ ቀጠሮ ነው፣ ሰው እየጠበቀው እንደሆነ ያውቃል።

የሁለት_ልጆች_እናት_ቨርጂኒያ

ሁለት ሳምንት ብለህ አከበርከን 😂

ሀሁ_በቅዳሜ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ የዱባይዋ እህቴ በርቺ። ትናንት ቅዳሜ የተባለውን ሞከርኩት፣ ዝም ብዬ "ጠ"ን ብቻ አንድ በአንድ አስባልኳቸው። አብዛኞቹ "ተ" ነው ሚሉት! ጨው በል ስለው ቻው ሚለኝም አለ። ስንት ጊዜ አንድ ላይ ሳስብላቸው የሁለቱ ድምፅ የሁሉንም ሲሸፍነው ነው ለካ። ስለዚ ቪዲዮው ለቤት ይሆናል፣ ላይቩ ይቀጥላል ግን በትንሽ በትንሽ ግሩፕ ልከፍለው አሰብኩ። እንዲህ ምታረጉ ካላችሁ እንዴት ነው ምታስኬዱት?

ሰንበት_ትምህርት_ሚኒሶታ

እኛ እዚ ቤተክርስቲያን ነው ምናስተምረው፣ በረዶ ሲበዛ ወደ ዙም እንገባለን። አንድ ላይ ማስባልን እርሺው፣ ዙም የሁሉንም ድምፅ እኩል አያሰማም፣ መዘግየትም ስላለ አንዱ ሀ ሲል ሌላው ሁ ላይ ደርሷል። ሁሉንም ሚዩት አርጊና አንቺን ተከትለው በየቤታቸው ይጩሁ፣ ከዛ አንድ በአንድ እየከፈትሽ ስሚ። ባንድ ግሩፕ ከአራት ልጅ በላይ አትያዢ፣ 20 ደቂቃ በቂ ነው፣ 40 ደቂቃዋ ለሁለት ግሩፕ ትበቃሻለች ማለት ነው፣ ሁለተኛው ግሩፕ ሊገባ ሲል የመጀመሪያው ትንሽ ቆይቶ ሰላም ይባባል፣ እሱ ሰላምታ ራሱ ትምህርት ነው። ኢርፎን አስደርጊያቸው፣ ላፕቶፕ ስፒከር ላይ "ተ" እና "ጠ" አይለይም። ኔትወርክሽ ሲደክም ያንቺን ካሜራ አትዝጊ፣ አፍሽን ማየት አለባቸው፣ የነሱን አዘጊ።

ደግሞ ሰዓት። ያንቺ ሰዓት አይቀየርም የኛ ይቀየራል። አሁን ማታ 12 ሰዓት ብትጀምሪ ቨርጂኒያ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው (ሁሉንም በሀበሻ አቆጣጠር)፣ ከኖቬምበር መጀመሪያ እሁድ በኋላ ግን 4 ሰዓት ይሆናል። ጀርመኖቹ ደግሞ ከኛ ሳምንት ቀድመው ኦክቶበር መጨረሻ እሁድ ላይ ይቀይራሉ፣ ስለዚ መሀል ላይ ያለችው ቅዳሜ ገሚሱ ገብቶ ገሚሱ ሚቀርባት ናት። ካሁኑ ለወላጆቹ በየአገራቸው ሰዓት ጽፈሽ ፒን አርጊላቸው።