የሐሰተኛው ሐውልት አንቴና፦ ጨዋታ ወይስ ማሳሳቻ?

መምህሩ፦
ትናንት በዚህ ቡድን «አኒማል ክሮሲንግ፦ ኒው ሆራይዘንስ» ስለተባለው የኒንቴንዶ ቪዲዮ ጨዋታ ሲወራ አንድ አባል «የጥንታዊው ሐውልት ትክክለኛው አንቴና ያለው ነው፤ የጥንት ጃፓናውያን ከሰማይ የወረደ እንግዳ አይተው ነው የቀረጹት» ብሎ ጻፈ፤ ያረመው ሰው ግን አላየሁም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በጨዋታው ውስጥ ቀበሮው ሬድ በመርከቡ ላይ ከሚሸጣቸው የጥበብ ሥራዎች አንዱ ይህ ሐውልት ሲሆን፣ አናቱ ላይ አንቴና ያለው ሐሰተኛው ነው፤ የሙዚየሙ ኃላፊ ጉጉቱ ብላዘርስም አይቀበለውም። የሐውልቱ መነሻ በሰሜን ጃፓን፣ በአኦሞሪ፣ ካሜጋኦካ ከተባለ ስፍራ በ1880ዎቹ ከመሬት የወጣና ዛሬ በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም የሚገኝ፣ ቁመቱ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ዶጉ የሚባል የሸክላ ምስል ነው። የሠሩት ጆሞን በሚባለው የጃፓን ጥንታዊ ዘመን የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ምስሉ የተሠራበት ጊዜም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1000 እስከ 400 ባለው መካከል ይገመታል። እኔን ያስቆጣኝ ግን የአባሉ ስህተት ብቻ አይደለም። ጨዋታው ራሱ ከሌላ ምልክት ሁሉ አንቴናን መርጦ በዚያ ምስል ላይ መትከሉ፣ ለስንት ዓመት ሲነገር የኖረውን የጠፈር እንግዳ ተረት አጠናክሮታል ብዬ አምናለሁ።

የደሴቷ ልጅ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በዚህ አልስማማም። የጥበብ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ወደ ጨዋታው ከገቡ ጀምሮ እየሰበሰብኩ ነው፤ የሐሰተኞቹን አሠራር በሚገባ አውቀዋለሁ። የግሪኩ ዲስክ ወርዋሪ ሐሰተኛው ቅጂ እጁ ላይ ሰዓት አስሯል፤ የማይክል አንጄሎው ዳዊት መጽሐፍ በብብቱ ይዟል፤ የሚሎዋ ቬነስ የአንገት ሐብል አድርጋለች። አንቴናውም እንደ ሰዓቱ ነው። ከዘመኑ ጋር የማይሄድ ዕቃ ስለሆነ ልጅ እንኳ አይቶ «ይህ አይደለም» እንዲል የተቀመጠ ምልክት ነው። ጨዋታው «አንቴና ያለው ውሸት ነው» እያለ እያስተማረ፣ ተረቱን አጠናከረ ብሎ መክሰስ ፍትሐዊ አይደለም።

መምህሩ፦
«እንደ ሰዓቱ ነው» ባልሽው ላይ ልቁም፣ የልዩነታችን ሥር እዚያ ላይ ነውና። ዲስክ ወርዋሪው ሰዓት ያስር ነበር ብሎ ያመነ ሰው በዓለም ላይ የለም፤ ስለዚህ ሰዓቱ ማንንም አያሳስትም። ዶጉ ግን ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ትልልቆቹ ዓይኖቹ የጠፈር መነጽር፣ የተነፋፋው ሰውነቱ የጠፈረተኛ ልብስ ነው እየተባለ በመጽሐፍና በቴሌቪዥን ሲወራበት የኖረ ምስል ነው። በሰዓት ምትክ የተቀመጠው ሰዎች አስቀድመው የሚያምኑት ሐሰት ነው። ፖኪሞን የተባለው የቪዲዮ ጨዋታም እ.ኤ.አ. በ2002 ክሌይዶል የተባለውን ፍጡር ከዚሁ ምስል ወስዶ ሲያቀርብ፣ ጥንታውያን ሰዎች ከጭቃ የሠሩት አሻንጉሊት ምንነቱ ባልታወቀ ጨረር ሕይወት አገኘ ብሎ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ልጅ አንቴናውን ሲያይ ምን እንደሚያስብ አስቢ።

አንባቢ፦
የምስሉ ባለቤቶች እኮ እንዲህ አልተቆጡም፣ መምህር። ካሜጋኦካ ባለችበት ከተማ የሚገኘው የኪዙኩሪ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊቱ ከላይ እስከ ታች ይኸው ዶጉ ነው። ቁመቱ 17 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ግራ እግሩ እንደ ዋናው ተቆርጦ ነው የተሠራው፤ ባቡር ሲደርስም ዓይኖቹ ያበራሉ። የአገሩ ሰዎች ዓይኑን በመብራት ሲያበሩት ክብሩን እንዳልነኩበት ካመኑ፣ እኛ ከሩቅ ሆነን በአንቴና የምንቆጣበት ምክንያት አይታየኝም።

መምህሩ፦
የጠቀስከው ምሳሌ ለእኔ ይመሰክርልኛል። የኪዙኩሪ ሰዎች የተሰበረውን እግር እንኳ እንደተሰበረ ትተውታል። የሚያበራው ዓይን ሠሪው የሠራው ዓይን ነው፤ ያልነበረ ነገር አልተከሉበትም።

ሸክላ ሠሪዋ፦
ስለ ዓይኑና ስለ አንቴናው ስትከራከሩ ስለ ሠሪዎቹ እጅ የተናገረ አልነበረም፣ እኔን ያስገባኝም ይኸው ነው። የካሜጋኦካው ምስል ውስጡ ባዶ ነው። ያን የሚያህል ምስል ድፍን ሆኖ ቢሠራ፣ በውስጡ የቀረው እርጥበት እሳት ሲነካው ይሰነጥቀዋል፤ ሠሪው ይህን አውቆ ግድግዳውን ስስ አድርጎ አቁሞታል። ቆዳው ላይ ያለውን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት፦ የተጠማዘዘ ገመድ ጭቃው ሳይደርቅ ተጭኖበታል፣ ከዚያ አንዳንዱ ቦታ ተፍቆ ለስልሷል፣ ገመዱ የቀረበት ሻካራ ክፍልም ከለሰለሰው ጋር ጎን ለጎን ሆኖ ጌጡን ያወጣዋል። ይህን የሠሩ ሰዎች የሸክላ መተኮሻ ምድጃ አልነበራቸውም፤ ሜዳ ላይ ነው የተኮሱት፣ በአገራችንም ብዙ እናቶች ገንቦና ጀበና የሚተኩሱት እንደዚሁ ነው። ለዚህ ዓይነት እጅ «ከሰማይ የመጣ እንግዳ አይተው ነው» ማለት ሙያውን መንጠቅ ነው። ላሊበላን ኢትዮጵያውያን አልሠሩትም የሚል ሰው ሲመጣ እንዴት እንደምንቆጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

የድሮ ተጫዋች፦
እህቴ የተናገርሽው ልቤን ነካው። በጨዋታው ውስጥ እየዘለሉ ድምፅ የሚያሰሙት ጃይሮይዶችም የዚሁ ሕዝብ የሸክላ ምስሎች ስለሆኑ፣ ኒንቴንዶ ለጆሞን ሰዎች ያለውን ፍቅር ያሳያል ብዬ አስባለሁ።

መምህሩ፦
ጃይሮይዶቹ ከሐኒዋ የተወሰዱ ናቸው። ሐኒዋ በኮፉን ዘመን፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ፣ በመኳንንት መቃብር ጉብታዎች ላይ ይተከል የነበረ ነው። በሁለቱ መካከል ከ500 ዓመት በላይ አለ፤ የሩዝ እርሻና ብረት የገቡትም በዚያ መካከል ነው። አንዱን የሌላው ወንድም ማድረግ አይገባም።

የድሮ ተጫዋች፦
ወንድም አላልኩም፣ የሸክላ ምስሎች ናቸው ነው ያልኩት። ጨዋታው ሁለቱንም ማካተቱን አመሰገንኩ እንጂ ዘመናቸውን አላደባለቅኩም።

ሸክላ ሠሪዋ፦
«የዚሁ ሕዝብ» ብለሃል፣ ወንድሜ፤ እሱን ነው መምህሩ ያረሙት።

የደሴቷ ልጅ፦
ወደ አንቴናው እንመለስ። እህታችን ስለ ሙያው ያለችው እውነት ነው፤ ነገር ግን በጨዋታው ሙዚየም ውስጥ ይህ ምስል ከዳዊትና ከቬነስ እኩል፣ ከሮዜታ ድንጋይና ከቻይናው የሸክላ ወታደር ጋር በአንድ ስብስብ ውስጥ ቆሟል። በጠቅላላው 13 ሐውልቶች ብቻ ናቸው፣ ከእነዚህ የጃፓን የሆነው ይህ አንድ ብቻ ነው። በጃፓን ወደ 18,000 ዶጉ እንደተገኘ ይነገራል፤ አብዛኛው ስባሪ ነው፤ ከጃፓን ውጭ ስማቸውን የሰማ ግን ጥቂት ሰው ነበር። እኔ ራሴ ስለ ጆሞን ማንበብ የጀመርኩት ከጨዋታው በኋላ ነው። ካሜጋኦካ እ.ኤ.አ. በ2021 ከሌሎች የሰሜን ጃፓን የጆሞን ስፍራዎች ጋር በዩኔስኮ ሲመዘገብ ዜናውን ተከታትዬ ያነበብኩት ይህ ሐውልት በጨዋታው ውስጥ ባለችኝ ደሴት ሙዚየም ስላለ ነው። አንቴናው ያጠፋው ነገር ቢኖር እንኳ፣ ሐውልቱ የከፈተው በር ይበልጣል።

መምህሩ፦
በሩን ስለከፈተ አመሰግናለሁ፤ ከበሩ ጀርባ ስላስቀመጠው ነገር ግን እጠይቃለሁ። ሐሰተኛውን ለመለየት አንቴና የግድ አልነበረም። እህታችን የጠቀሰችውን የገመድ ጌጥ ቢያጠፉት ወይም በሌላ ጌጥ ቢቀይሩት፣ ተጫዋቹ ሐሰቱን ለማወቅ ሲል የጆሞንን ጥበብ ራሱን ማየት ይማር ነበር። አሁን የሚማረው አንቴና መፈለግን ነው።

አንባቢ፦
በእጅ በሚያዝ ትንሽ ስክሪን ላይ የገመድ ጌጥ ማን ያያል? ልጆች የሚጫወቱት ጨዋታ ነው።

መምህሩ፦
በዚያው ጨዋታ የሐሰተኛዋ ሞና ሊዛ ልዩነት ቅንድቧ ብቻ ነው። ልጆቹ ያንን ለይተው ያያሉ፤ ገመዱንም ያያሉ።

የደሴቷ ልጅ፦
ሞና ሊዛን እኮ ልጁ ጨዋታውን ከመክፈቱ በፊት ያውቃታል፣ መምህር፤ ቅንድቧ ሲቀየር የሚያስተውለው ለዚህ ነው። ዶጉን ግን ብዙዎቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው በሬድ መርከብ ጨለማ ውስጥ ነው። ትክክለኛውን ጌጥ አይቶ የማያውቅ ልጅ የተሳሳተውን ጌጥ በምን ሊለየው ይችላል? ይህን ካልመለሱልኝ እኔ ከአንቴናው ጋር እቆማለሁ።

ሸክላ ሠሪዋ፦
እኔ ደግሞ ከመምህሩ ጋር ነኝ። ልጁ ትክክለኛውን አያውቅም ካልሽ፣ መጀመሪያ ያየው ነገር አንቴና ያለው ምስል እንዳይሆን የበለጠ መጠንቀቅ ይገባ ነበር።