የዕቅድ ውይይት፦ ጫሞ ሐይቅ ላይ በክራንክቤይት ዓሣ ስለማስጠመድ

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ በተባባልነው መሠረት ለፓርኩና ለዓሣ ሀብት ቢሮ የምናስገባውን ሐሳብ መጻፍ ጀምሬያለሁ። ለጊዜው እንዲህ ይላል፦ «ጫሞ ላይ ጀልባ የምንነዳ አባላት፣ እንግዳን አዞ ገበያ (አዞዎች ተሰብስበው ፀሐይ የሚሞቁበት ዳርቻ) አድርሶ ከመመለስ ሌላ፣ በዘንግ ናይል ፐርች የማጥመድ ጉዞ መጀመር እንፈልጋለን። ጀልባዋ በቀስታ ትሄዳለች፤ ክራንክቤይቱ ከኋላ ይጎተታል። የተያዘው ዓሣ ይለቀቃል።» ያልገባው ይጠይቅ፣ ያልተስማማም እዚሁ ይናገር። ቢሮ ደጃፍ ሄደን አንጨቃጨቅ።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ ገና ከስሙ አልወጣሁም። ክራንክቤይት ምንድነው? ትል ነው?

ሞተረኛው፦
ትል አይደለም፣ የውሸት ዓሣ ነው። ከእንጨት ወይ ከፕላስቲክ ይሠራል። ሆዱና ጭራው ላይ ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ ይንጠለጠላል። አገጩ ሥር ማንኪያ የምትመስል ምላስ አለችው። ሲጎተት ውኃው ምላሷን ይገፋትና እየተንቀጠቀጠ ወደ ታች ይጠልቃል። ናይል ፐርች ደግሞ ዓሣ በል ነው። የቆሰለ ቆሮሶ መስሎት ይመታዋል።

አምና አንድ እንግዳ ይዤ ሌላ ሐይቅ ላይ ወጥቼ ነበር። ክራንክቤይቱ ወደ ቀኝ እየተጋደመ አስቸገረው። አወጣውና አፍንጫው ላይ ያለችውን የክር ማሰሪያ ቀለበት በፒንሳ ወደ ግራ ቅንጣት ታህል አጠፋት። ጀልባዋ አጠገብ መልሶ ጣለው፣ ዓይኑን ሳይነቅል አየው። ቀጥ ብሎ ሄደ። ክሩን የለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ብንሆን «ተበላሽቷል» ብለን ነበር የምንጥለው።

አስጋሪው፦
እኔ ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛ መረቤ። ያ ሦስት ጥፍር መንጠቆ መረብ ላይ ከተተከለ በቢላ እንጂ በእጅ አይላቀቅም። መረቡን ማን ይሰፋልኛል? ሁለተኛ መልቀቅ የምትሉት ነገር። ሁዳዴ ገብቶ ዓሣ በሚወደድበት ሰዓት፣ ሰው እያየኝ ዓሣ ልልቀቅ? ልጆቼ «አባታችን ለየለት» ነው የሚሉኝ።

አስጎብኚዋ፦
ጋሼ፣ ዓሣው ቀነሰ እያሉ ሁልጊዜ የሚነግሩን እርስዎ አይደሉ? ትልቅ ናይል ፐርች ገበያ ላይ አንዴ ተሸጦ ለብለብ ሆኖ ያልቃል። እንግዳው ግን ለዚያው ዓሣ የጀልባ ከፍሎ፣ የነዳጅ ከፍሎ፣ አድሮ፣ በልቶ ነው የሚሄደው። ዓሣውም ውኃው ውስጥ ይቀራል። ብዙ እንቁላል የምትጥለውም ትልቋ ናት።

አስጋሪው፦
እሺ ልጄ፣ ይቀራል። በሕይወት ነው ወይ?

ሞተረኛው፦
ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ረቂቁ ላይ መግባት አለበት። የመንጠቆውን የጎን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቀን እናስተኛለን፣ በቀላሉ ይወጣል። ክሩ ወፍራም ይሁን፣ ዓሣው ረጅም ታግሎ እንዳይደክም። በዚያ ላይ የናይል ፐርች አፍ ሞረድ ነው፣ ቀጭን ክር ይፈጃል። ለፎቶ ብሎ በመንጋጋው የሚያንጠለጥለውን እንግዳ እንከለክላለን፤ ሆዱን በሁለት እጅ ይደግፍ። ሌላ አገር ጀልባ ጎን ውኃው ውስጥ እንዳለ ነው የሚፈቱት። እዚህ አይሆንም። ጫሞ ላይ እጁን ውኃ ውስጥ የሚከት ሰው አዞን አያውቅም። ስለዚህ እጀታው ረጅም በሆነ መረብ እናወጣለን፣ እርጥብ ሸራ ላይ ፈትተን ቶሎ እንመልሳለን።

ገንዘብ ያዥ፦
ነዳጁስ? ቀኑን ሙሉ መዞር ነው?

ሞተረኛው፦
አይደለም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ይበቃል። ከሰዓት ንፋሱ ሲነሳ ማዕበሉን ታውቁታላችሁ። ፍጥነቱም ሰው ፈጠን ብሎ እንደሚራመደው ነው፣ በሰዓት ከ4 እስከ 6 ኪሎ ሜትር። ጋዝ የሚረግጥ ሹፌር ለዚህ ሥራ አይሆንም። እያጠማዘዙ መሄድ ደግሞ ጥሩ ነው። ጀልባዋ ስትዞር በውስጥ በኩል ያለው ክራንክቤይት ይዘገያል፣ የውጪው ይፈጥናል። የውጪው ከተመታ ዓሣው ፍጥነት ፈልጓል ማለት ነው፣ ትንሽ እንጨምራለን። ለዚህ በአንድ ጀልባ ከሁለት ዘንግ በላይ አያስፈልግም፣ በዙሪት ክር ከክር ይተበተባል። የዘንጉ ጫፍ ሲንቀጠቀጥ ክራንክቤይቱ እየሠራ ነው። ዝም ካለ ሣር ይዟል።

አስጎብኚዋ፦
ጉማሬ ያለበት ዳርቻ አንጠጋም የሚለውም ይጻፍ። ላይፍ ጃኬት ያልለበሰ አይሳፈርም፣ ዋና እችላለሁ ቢልም።

ጸሐፊ፦
አስተካክዬዋለሁ። በሁለት ጀልባ እንጀምራለን፣ ጠዋት ብቻ። መረብ የጣለ አባል በሁለቱም ጫፍ ቀይ ጀሪካን ያስራል፤ እኛ 200 ሜትር እንርቃለን። መረብ ከተቀደደ ከጉዞው ገቢ ይሰፋል። ፈቃድ ሳናገኝ እንግዳ አናስከፍልም፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፣ በኋላ «አልሰማንም» ማለት አይቻልም። ዋጋውን ባዶ ትቼዋለሁ።

አስጋሪው፦
የመረቡን ጉዳይ ተቀብያለሁ። ሁዳዴ ግን ይውጣ። እሱ ካልወጣ አልፈርምም።

አስጎብኚዋ፦
ጋሼ፣ እንግዳ የሚመጣበት ወር ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል እኮ!

ጸሐፊ፦
እሱን ለእሁድ እናቆየው። ቅዳሜ 12 ሰዓት ወደቡ ላይ እንገናኝ። ሞተረኛው መንጠቆውን አውልቆ ክራንክቤይቱን ብቻ ይጎትታል፤ ፍጥነቱንና መስመሩን በስልክ እንለካለን። ጋሼ፣ እርስዎም አብረውን ይውጡ። መረብ የት የት እንደሚጣል የሚያሳየን ሌላ ሰው የለም። መንጠቆ ማውለቂያ ፒንሳ ያለው ይዞ ይምጣ።

አስጋሪው፦
እመጣለሁ። ፒንሳ ግን ከሌላ ፈልጉ፤ ያለፈው የሰጠኋችሁ እስካሁን አልተመለሰም።