የማዳመጥ ክፍለ ጊዜ፦ አንብቦ ጥያቄ ከመጠየቅ ሌላ ምን ይሠራል?

የ4ኛ ክፍል መምህርት፦

ሰላም ለዚህ ቤት መምህራን። የማስተምረው ቋንቋ ነው፤ ተማሪዎቹ ወደ 60 ይጠጋሉ። የማዳመጥ ትምህርት ሲደርስ አሠራሩ ያው የታወቀው ነው፦ ምንባቡን ጮክ ብሎ ሁለት ጊዜ ማንበብ፣ ከዚያ አምስት ጥያቄ መጠየቅ። እጅ የሚያወጡት ሁልጊዜ እነዚያው ልጆች ናቸው። የቀሩት ጸጥ ብለዋል፤ ግን ማዳመጣቸውን በምን ይታወቃል? የ40 ደቂቃውን ክፍለ ጊዜ እንዴት ትከፋፍሉታላችሁ? ቴፕ የለም፤ ያለው የመምህር ድምፅና ጥቁር ሰሌዳ ነው።

ጠመኔ፦

እህቴ፣ የገለጽሽው ፈተና እንጂ ትምህርት አይደለም። ልጁ ምን እንደሚጠየቅ ሳያውቅ የሰማውን ሁሉ ተሸክሞ እንዲቆይ ይገደዳል፤ በመጨረሻ የሚለካውም ትውስታው ነው። ሥራውን ከንባቡ በፊት ስጪ።

ቅድመ ማዳመጥ ላይ ከ8 ደቂቃ በላይ አትቆዪ። ርዕሱን ሰሌዳ ላይ ጻፊና ምን ሊነሳበት እንደሚችል ይገምቱ፤ አራት ያህሉን፣ ልክ ነው አይደለም ሳትዪ፣ እንዳለ ጻፊው። የምትፈቺው አዲስ ቃል ከአራት አይብለጥ፤ ያለ እሱ ምንባቡ የማይገባውን ብቻ። ከዐውዱ ሊደረስበት የሚችለውን ቃል አስቀድሞ መፍታት የልጆቹን ሥራ መቀማት ነው።

ለአንደኛው ንባብ አንድ ሥራ ብቻ፦ ከግምቶቻችን የትኛው ተነሳ? ለሁለተኛው ዝርዝር፦ ከሰሌዳ የገለበጡትን ሠንጠረዥ በራይት ምልክት ወይም በአንድ ቃል ይሞላሉ። በዚህ ዕድሜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማስጻፍ አይሆንም፤ እጃቸው ያለፈውን ሲጽፍ ጆሯቸውን ቀጣዩ ያመልጠዋል። ሦስተኛ ንባብ ካስፈለገ መልሱ ባከራከረበት ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ሌላው ምንባቡ ራሱ ነው። ለዓይን የተጻፈ ምንባብ ለጆሮ ይከብዳል። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ሐረግ በሐረግ ላይ የተደራረበበት ዓረፍተ ነገር ልጁን ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ እስከ አራት ነጥቡ አንጠልጥሎ ያቆየዋል። ቀድመሽ በእርሳስ ቆራርጪው፤ ትንፋሽ የምትወስጂበትንም ቦታ ምልክት አድርጊበት። ጠቅላላው ንባብ ከሁለት ደቂቃ አይለፍ። ቀስ ብሎ ማንበብ ማለት ደግሞ ቃል በቃል መነጠል አይደለም። እረፍቱ በሐሳብና በሐሳብ መካከል ይሁን፤ በየቃሉ ከሆነ ትርጉሙ ይበታተናል።

ቀይ እስክሪብቶ፦

በጠመኔ ሐሳብ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ሲቀር። ጥያቄ አስቀድሞ መስጠት ልጆቹን ቃል ለቃሚ ያደርጋቸዋል። ጥያቄው «ንቧ የት አረፈች?» ከሆነ «አረፈች» የሚለውን እስኪሰሙ ይጠብቁና መልሱን ጽፈው ለቀረው ጆሯቸውን ይዘጋሉ። ስለዚህ ቢያንስ የአንዱ ጥያቄ መልስ ከምንባቡ ሁለት ቦታ ተገጣጥሞ የሚገኝ ይሁን፤ የጥያቄው ቃልም ከምንባቡ ቃል ይለይ።

እኔ ከጥያቄ ይልቅ የምመርጠው የሰሙትን መልሰው እንዲገነቡ ማድረግን ነው። አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ለምሳሌ፦

«በአንድ ቀፎ ውስጥ አንዲት ንግሥት ትኖራለች። ሠራተኛ ንቦች ሁሉ ሴቶች ናቸው። አንዷ ጥሩ አበባ ስታገኝ ወደ ቀፎዋ ትመለሳለች። እዚያም እየተወዛወዘች አበባው በየት አቅጣጫ፣ በምን ያህል ርቀት ላይ እንዳለ ታሳያለች። ሌሎቹ ይህን ተከትለው ይበራሉ።»

በአንደኛው ንባብ እስክሪብቶ ይቀመጣል፤ መስማት ብቻ። በሁለተኛው ከየዓረፍተ ነገሩ አንድ ወይም ሁለት ቁልፍ ቃል ይይዛሉ። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው የያዙትን አዋህደው ምንባቡን በራሳቸው አነጋገር ይጽፉታል፤ ለዚህ 10 ደቂቃ ስጫቸው። በሦስተኛው ንባብ የጻፉትን ከዋናው ያመሳክራሉ።

የሚበላሸው ምንባቡ ሲረዝም ነው፤ ከስድስት ዓረፍተ ነገር ካለፈ ብዙዎቹ ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል። ወይም ደግሞ መምህሩ ቃል በቃል እንዲገጥም ሲጠብቅ። ሐሳቡ ከተሟላ በቂ ነው። የጎደለው ነገር ለአንቺም መረጃ ነው፦ ብዙ ጥንዶች «ርቀት»ን ከጣሉት ያ ዓረፍተ ነገር ለጆሯቸው ረዝሟል ማለት ነው። በሚቀጥለው ለሁለት ክፈይው።

የ4ኛ ክፍል መምህርት፦

አመሰግናለሁ፣ የንቧን ምንባብ እወስዳታለሁ። ግን 60 ልጅ ሁለት ሁለት ሆኖ ሲያወራ ጫጫታውስ? ኋላ የተቀመጡትስ?

የኋላ ወንበር፦

ለጥንድ ሥራው ማንንም ከቦታው አታንቀሳቅሺ፤ ከጎኑ ካለው ጋር ይሥራ። ለማስቆም ከመጮህ እጅ ማንሳት ይሻላል፤ ያየ ሁሉ እጁን አንስቶ ዝም ይላል። አንድም ሰው እያወራ ንባብ አትጀምሪ።

የኋላዎቹ ነገር ግን የሥነ ሥርዓት ብቻ አይደለም። ገላጣ ሜዳ ላይ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ይቀንሳል። ክፍል ውስጥ ግድግዳው ስለሚመልሰው ያን ያህል አይቀንስም፤ ነገር ግን ተመላሹ ድምፅ ከዋናው ጋር እየተደራረበ ቃሉን ያደበዝዘዋል። ለመማሪያ ክፍል የሚመከረው የመምህሩ ድምፅ ከጫጫታው በ15 ዴሲቤል እንዲበልጥ ነው። አዋቂ ያመለጠውን ድምፅ ከሚያውቀው ቋንቋ ይሞላል፤ ልጅ ገና ይህ አቅም አልዳበረለትም። ስለዚህ አንደኛውን ንባብ ከፊት፣ ሁለተኛውን ከክፍሉ መሐል ወይም ከኋላ ሆነሽ አንብቢ። በጫጫታው በኩል ያለውን መስኮት ለሁለት ደቂቃ ዝጊ። ወደ ሰሌዳ ዞሮ መናገርማ ጨርሶ አይሆንም።

ጉንፋን ከያዘው በኋላ «ምን?» የሚያበዛ፣ አፍሽን ትክ ብሎ የሚያይ፣ ጎረቤቱን አይቶ የሚጀምር ልጅ ካለ ጆሮውን ይመርመር። ልጆች መሐከለኛው ጆሯቸው ውስጥ ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል፤ መስማታቸው አንድ ቀን ሻል፣ አንድ ቀን ደከም ስለሚል «ሲፈልግ ነው የሚሰማው» ተብለው ይቀጣሉ። ፊት አስቀምጪው፣ ለወላጅም ንገሪ።

የጡረታ መምህር፦

መምህርት፣ የማዳመጥ ልማድ የሚገነባውም የሚፈርሰውም በሌላው ክፍለ ጊዜ ነው። መመሪያ ሦስት ጊዜ የሚደግም መምህር ተማሪዎቹን ሦስተኛውን እንዲጠብቁ እያሠለጠናቸው ነው። ከሦስት ነገር ያልበለጠ መመሪያ አንድ ጊዜ ይናገሩ፣ ከዚያ አንዱን ልጅ «ምን ልንሠራ ነው?» ብለው ይጠይቁት።

የተማሪን መልስ ጮክ ብሎ መድገምም ይተዉ። መምህሩ እንደሚደግመው ካወቁ ጓደኛቸውን ለምን ያዳምጣሉ? ይልቅ ሌላውን ልጅ «ምን አለች? ትስማማለህ?» ይበሉት። ጠይቀው ቢያንስ 3 ሰከንድ ይታገሡ። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ ወደ 3 ሲያራዝሙት መልሱ ይረዝማል፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ይጀምራሉ።

እጅ ማውጣትን ለማዳመጥ ጥያቄ አይጠቀሙበት። ሦስት አማራጭ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ቁጥሩን በጣቱ ደረቱ ላይ ያሳይ። ማን እንዳዳመጠ በአንድ እይታ ይለያል፤ መኮራረጅም የለም። ለጽሑፍ መልስ ውጤት ሲይዙ ደግሞ ለፊደል ግድፈት አይቀንሱ። «ንግሥት»ን በእሳቱ «ስ» የጻፈ ልጅ በትክክል ሰምቷል፤ የፊደሉ ጉዳይ የሌላ ቀን ትምህርት ነው።