የኢኔስታ «116» ወይን ጅማ ገባ፤ ለአባ ጅፋርስ ምን ይሁን?

የሂርማታዋ ባለግሮሰሪ፦
ሰላም ለቤቱ! ጅማ፣ ሂርማታ ሰፈር ትንሽ ግሮሰሪ አለችኝ። ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ከስፔን ሲመጣ አንድ ጠርሙስ ወይን ይዞልኝ መጣ። ወረቀቱን አገላብጬ ሳይ ዓይኔ የገባው ቁጥር ነው፤ 116። «የምን ቁጥር ነው?» ስለው «ኳስ ትወጂ የለ? እስኪ አስቢው» አለኝ።

ወዲያው መጣልኝ። የስፔኑ ተጫዋች የኢኔስታ ጎል! ሐምሌ 4 ቀን 2002፣ ጆሃንስበርግ፣ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ስፔን ከሆላንድ፣ ተጨማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል፣ 116ኛው ደቂቃ ላይ። በፈረንጆቹ 2010 መሆኑ ነው።

ወይኑን የሚያመርተው የራሱ የኢኔስታ ቤተሰብ ነው። ያውም ማድሪድ ወይ ባርሴሎና ሳይሆን ልጁ በተወለደባት ፉዌንቴአልቢያ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ። አባቱ ግንበኛ ነበር። የወይን መሬት የያዙት ከዚያ ጎል በፊት፣ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ነው። ልጁ ዓለምን ዞሮ ዋንጫውን ሁሉ ከበላ በኋላ ስሙን የሰጠው ለትውልድ ቀዬው አፈር ነው። ይሄ ነገር ልቤ ውስጥ ገባ።

ከዚያ የኛው ቡድን ትዝ አለኝ። ጅማ አባ ጅፋር ከከፍተኛ ሊግ ባደገ በዓመቱ፣ በ2010፣ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ። እነሱም 2010፣ እኛም 2010፣ በየአቆጣጠራችን! አጥቂያችን ኦኪኪ አፎላቢ ኳስ ሲይዝ ሰው ሁሉ ብድግ የሚልበትን ጊዜ የምትረሱት አይመስለኝም። በማግስቱ ዓመት የግብጹን አል አህሊን የሚያህል ቡድን በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ገጠምን። ለዚያ ዓመት ማስታወሻ የሚሆን አንድ ጠርሙስ እንኳ መደርደሪያዬ ላይ የለም። የኢኔስታን ከቡድናችን ስካርፍ ጎን አስቀምጬዋለሁ፤ አልከፈትኩትም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። በቡድናችን ስም፣ በጅማ ምርት የሚሠራ መጠጥ ቢታሰብ ምን ቢሆን ይሻላል? ወይን እንትከል ወይስ ጠጅ እንጣል?

የእርሻው ሰው፦
እህቴ፣ ወይኑን ተዪው። ጅማ ዝናቡ ብዙ ነው፣ የሚዘንብበትም ወር ብዙ ነው። የወይን ፍሬ እርጥበት ሲበዛበት ይሻግታል። ካስቴል የሚባለው የወይን ፋብሪካ «ሪፍት ቫሊ» የተባለውን ወይን ዝዋይ ላይ የሚያመርተው አየሩ ደረቅ ስለሆነና ውሃውን በመስኖ በልክ ስለሚሰጠው ነው። የኛ ሀብት ጫካው ነው። ከጫካው ደግሞ ማር። ጌራ ወረዳ ሄደሽ የገተማን ዛፍ ነጭ ማር አይተሻል? ሲረጋ ለጋ ቅቤ ነው የሚመስለው። የብሳናው ደግሞ ጠቆር ይላል፣ ጣዕሙም ሌላ ነው። ፉዌንቴአልቢያ ወይኗን ካቀረበች ጅማ ማሯን ታቅርብ።

አባ ጠጅ፦
ማሩ ላይ እስማማለሁ። ግን ልጄ፣ ጠጅ በጠርሙስ ማሸግ ቀላል አይምሰልሽ። ጌሾው ወጥቶ ቢጠልልም ውስጡ መፍላቱን አይተውም። ጋዙ መውጫ ሲያጣ ወይ ቡሹን ይተኩሰዋል፣ ወይ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። በደንብ ተጣርቶ፣ በሙቀት ታክሞ ነው መታሸግ ያለበት። ለዚህ ደግሞ ማሽንና የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። በጋን የለመደ እጅ ብቻውን አይበቃም።

የጅሬን ልጅ፦
አንድ ነገር ልበል። ቡድኑ የንጉሥ አባ ጅፋርን ስም ነው የያዘው። ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ጅሬን ላይ ቆሟል። እሳቸውም ሙስሊም ነበሩ፣ ከደጋፊውም አልኮል የማይቀምሰው ብዙ ነው፤ እኔም አንዱ ነኝ። ስታዲየም ውስጥ አብረን ጮኸን፣ ማስታወሻው ላይ ስንደርስ እኛ ብንቀር ደስ አይልም። ብርዝ ይሁን! ማርና ውሃ፣ ጌሾ የሌለው። ሠርግ ላይ ሁላችንም የምንጠጣው ነው።

ደግሞ ከ2011ዱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ወዲህ አልኮል በሬዲዮና በቴሌቪዥን አይተዋወቅም። ብርዝን ግን ጨዋታ በሚተላለፍበት ሰዓት ማስተዋወቅ ትችያለሽ።

የእርሻው ሰው፦
የጅሬን ልጅ እውነቱን ነው። ብርዝም ቢሆን ጥቂት ቀን ከቆየ መፍላት ይጀምራልና አባ ጠጅ ያሉት ሙቀት ለሱም ያስፈልጋል። ከማሸግሽ በፊት ግን ስሙን ክለቡን አስፈቅጂ። ኢኔስታ የገዛ ስሙን ነው የለጠፈው፤ አባ ጅፋር ግን የሁላችንም ነው። ሌላም ነገር አለ። ኢኔስታ ልጅ ሆኖ የተጫወተበት አልባሴቴ የሚባለው የስፔን ክለብ በፈረንጆቹ 2013 ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው ሲያጣ፣ 240 ሺህ ዩሮ አበድሮ ያተረፈው እሱ ነው። የኛም ጠርሙስ ለቡድኑ የሚሰጠው ነገር ይኑር።

የሂርማታዋ ባለግሮሰሪ፦
አቦ ይመቻችሁ! የጅሬን ልጅ፣ ይሄን እኔ ራሴ ቀድሜ ማሰብ የሚገባኝ ነገር ነው ያነሳኸው። ደንበኞቼ ውስጥ ለስላሳ ብቻ ጠጥተው ጨዋታ የሚያዩ ስንት አሉ። በቃ፣ ብርዝ ነው። ወረቀቱ ላይ በትልቁ «2010» ይጻፋል፣ ከሥሩ «የጅማ ማር»። ከእያንዳንዱ ጠርሙስ የተወሰነ ብር ለታዳጊዎቹ ቡድን ኳስና ጫማ ይሄዳል። ለክለቡ ደብዳቤ እጽፋለሁ። አባ ጠጅ፣ የማሸጉን ነገር የሚያውቅ ሰው ካለዎት ያገናኙኝ። ከጌራ በኩልም የገተማ ማር በኪሎ ስንት እንደገባ የሚያውቅ ካለ እዚሁ ይጻፍልኝ፤ መጀመሪያ ለሙከራ ትንሽ ነው የምፈልገው።